የተጣለ ቬስፓን ስለ ማደስ

በቦሌና ከቦሌ በስተምሥራቅ በሚገኙት ሠፈሮች፣ ከገርጂ እስከ አያት ድረስ፣ በአሮጌ ቪላ ጓሮ፣ በቆርቆሮ ጥግ ሥር፣ ዐቧራ የለበሰና ዶሮ የሰፈረበት ቬስፓ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም፤ የአውሮፕላን መሐንዲስ የነበረው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የነደፈው፣ የፒያጆ ኩባንያም በጣሊያን አገር ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ የሠራው ይህ ተሽከርካሪ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በአዲስ አበባና በአስመራ ጎዳናዎች ላይ የታወቀ ነበርና። እርሱን ወደ ቀድሞ ግርማው ለመመለስ የሚሻ ሰው ግን ከመፍቻው አስቀድሞ ሊያነሣ የሚገባው ወረቀቱን ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ሊብሬው መኖሩ፣ በሊብሬውም የሰፈረው የሻንሲ ቁጥር በብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆኑ ይጣራ፤ ከቁጥሩ በፊት የሚገኙት ፊደሎች መጨረሻ ቲ ሲሆን የሻንሲ፣ ኤም ሲሆን የሞተር ምልክት መሆኑን ማወቅ ከብዙ ክርክር ያድናል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ፈቃድ በከተማይቱ ውስጥ ሞተር ብስክሌት መንዳትን ስለ ከለከለም፣ የፈቃዱን ነገር ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጠይቆ ሳይረዱ ገንዘብ ማፍሰስ ከጥበብ አይቆጠርም፤ ፈቃድ ያላገኘ ቬስፓ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ከግቢ ወደ ግቢ የሚሄደው በፒክአፕ ተጭኖ ነው።

ቀጥሎ የሚፈለገው ማኅበር ነው። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ሞተር የሚፈታበት ስፍራ ስለማይኖረው ግቢ ያለው ወዳጅ ያስፈልገዋል፤ ግቢ ያለው ደግሞ የቮላኖ፣ ማለት ከሞተሩ ጋር የሚዞረው መዘውር፣ መንቀያ ላይኖረው ይችላልና፣ አንድ ጊዜ ተሠርቶበት ዓመት ሙሉ ለሚቀመጥ መሣሪያ እያንዳንዱ ሰው ገንዘቡን ከሚያወጣ፣ አንዱ መንቀያውን፣ አንዱ ሞርሳውን፣ ሌላው ለመለኪያ የሚሆን ያልተነካ ቬስፓውን ይዞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቢሰበሰቡ ሥራውም ቡናውም ይሰምራል። ከሁሉም በላይ የሚፈለገው በወጣትነቱ እነዚህን ሞተሮች የፈታ አዛውንት መካኒክ ነው፤ እርሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ «ቆይ፣ አትምታው» ብሎ የሚያድነው ዕቃ በሶማሌ ተራ ተፈልጎ ላይገኝ ይችላልና። ነገር ግን አማካሪው ቢበዛም አዛዡ አንድ ይሁን፤ ሦስት ሰው በየፊናው የፈታውን ሞተር መልሶ የሚገጥም አይገኝም። የሚፈታው ሁሉ አስቀድሞ በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ ብሎንና ዳዶውም ከየት እንደ ወጣ በተጻፈበት ጣሳ ይቀመጥ።

ለብዙ ዘመን የቆመ ሞተር ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር መጣበቁ የተለመደ ስለ ሆነ፣ ጀማሪው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመኘውን የእግር ማስነሻውን መርገጥ ፈጽሞ አይሞክር። ካንዴላው ወጥቶ በቀዳዳው በኩል እኩል የተደባለቀ የሞተር ዘይትና ነጭ ጋዝ ይፍሰስና ለጥቂት ቀናት ይተው፤ ከዚያ በኋላ የቮላኖው ዳዶ በመፍቻ ተይዞ ወዲያና ወዲህ በዝግታ ይወዝወዝ። እሺ ያለ እንደ ሆነ ቴስታታውና ሲሊንደሩ ወጥተው ይታያሉ፤ ግድግዳው ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ወደ ቶርኖ ቤት ይሂድ፣ ፒስተኑና ፋሻውም በልኩ ይለወጡ። እሺ ያላለ እንደ ሆነ ዘይቱ ተጨምሮ ይጠበቃል እንጂ መዶሻ አይነሣም።

ሰርባቶዮው፣ ማለት የቤንዚን ታንኩ፣ ወርዶ፣ አሮጌው ቤንዚን ተደፍቶ፣ ጥቂት ዳዶዎችና ነጭ ጋዝ ተጨምረውበት ዝገቱ እስኪለቅ ይናጥ፤ ይህም በእሳት አጠገብ አይደረግ። ካርቡራተሩ ሲፈታ ጂግለር የሚባለው ባለቀዳዳ ናስ በሽቦ አይወጋ፤ ቀዳዳው በጥቂቱ ከሰፋ ልኩ ጠፍቷልና፣ በንጹሕ ቤንዚን ታጥቦና በአየር ተነፍቶ፣ ግትር ቆሻሻ ቢኖርበት ከጭራ በተነቀለ ፀጉር ይጠረግ። በቮላኖው ውስጥ ያሉት፣ ፍንጣሪውን የሚያዘጋጁት ነጥቦች በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ተወልውለው ክፍተታቸው ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ይስተካከል፤ የካንዴላው ክፍተት ደግሞ 0.6 ሚሊሜትር ገደማ ይሁን።

እዚህ ላይ የጣሊያኑ መመሪያ መጽሐፍ የማያውቀው የአገራችን ጉዳይ ይመጣል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በዚህም ምክንያት ለቆላ የተመደበው ጂግለር በእኛ ዘንድ ቤንዚን ያበዛል፣ ሞተሩም ያፍናል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። መድኃኒቱ ጂግለሩን በአንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ፣ ጥቂት ነድቶ፣ ካንዴላውን አውጥቶ ማየት፣ ቀለሙም እንደ ተቆላ ቡና እስኪሆን ድረስ ይህንኑ መድገም ነው። የነጣ ካንዴላ ግን አደጋ ነው፤ ሞተሩ በሙቀት ሊጣበቅ ይችላልና ወደ ኋላ ይመለሱ። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚደባለቅ ስለ ሆነም፣ ጥንታዊዎቹ 5 ከመቶ፣ ኋለኞቹ 2 ከመቶ፣ ማለት ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ይሻሉ፤ የቱ እንደሚገባ በሞዴሉ ይወሰን።

ስለ መለዋወጫ፣ የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ በፒያጆ ፈቃድ ቬስፓ ይሠራ እንደ ነበረ ያስታወሰ ሰው፣ ከሶማሌ ተራና ከምናለሽ ተራ ሌላ የሠፈሩን የባጃጅ ዕቃ ሻጭም ይጠይቃል፤ አሮጌው ዕቃ በእጁ ይኑር እንጂ ገመድና አምፑል ቢያጣ እንኳ ምክር አያጣም። ጎማው ግን ይለካ፤ የባጃጁ 4.00 በ8 ሲሆን ብዙው የድሮ ቬስፓ የሚጠይቀው 3.50 በ8 ነውና ሰፊው ሊፋተግ ይችላል። ቸርኬው ከሁለት ግማሾች የተጋጠመ ስለ ሆነ፣ ነፋሱ ጨርሶ ሳይወጣ የመጋጠሚያው ዳዶ የተፈታ እንደ ሆነ ብረቱ በሠሪው ፊት ላይ ይፈናጠራል፤ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈቀድሁም።

ቀለም የሁሉ መጨረሻ ነው፤ ሞተሩ ሳይነሣ የሚቀባ ሰው ሥራውን በዘይት እጁ መልሶ ያበላሸዋል። ማግኔት በአካሉ ላይ ሲዞር የማይይዝበት ስፍራ ስቱኮው መወፈሩን ወይም ከሥሩ ብረት አለመኖሩን ይመሰክራል። የቬስፓ ሻንሲና አካል አንድ ስለ ሆነ፣ የእግር መርገጫው ወለል በዝገት ከተበላ ባትላሜራው ከመቁረጡ በፊት አካሉን በብረት ደግፎ ይያዝ፣ አለዚያ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መሥመር አይሄዱም። ክረምት ለቀለም አይመችም፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወራት ይመረጣል። እንደ ምርጫዬ ከሆነ፣ ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ የተገኘው የፋብሪካ ቀለም ከሚያብረቀርቅ አዲስ ቀይ ይሻላል።

የታደሰው ሞተር በመጀመሪያው ሰሞን በዝግታ ይነዳ። በቢሾፍቱ በኩል ወደ አዳማ ሲወርዱ ቁመቱ 600 ሜትር ያህል ስለሚቀንስ የወጣው ትልቁ ጂግለር በኪስ ይያዝ። በረጅም ቁልቁለት ላይም ጋዙ ተዘግቶ በማርሽ ብቻ አይወረድ፤ ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ነውና፣ ፒስተኑ ደርቆ እንዳይቀር በየጊዜው ጥቂት ጋዝ ይሰጠው።