ለቆዳ ፋብሪካ ነዳጅ የሚሆን ሃይድሮጂን፤ ጥቅሙና ሒሳቡ

በሐይቅና በአምባሰል ገበያዎች የሚሰበሰበው የበግና የፍየል ሌጦ ጥሬውን ሳለ ዋጋው ጥቂት ነው፤ ከፍ ያለ ዋጋ የሚያገኘው በፋብሪካ ከለፋ በኋላ ነው። ከሐይቅ በደሴ በኩል ወደ ደቡብ ሲወረድ በምትገኘው በኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካ መቋቋሙ ለዚህ አገር ነጋዴ ገበያውን አቅርቦለታል። ነገር ግን ፋብሪካ ለነዳጅ የሚያወጣው ገንዘብ በበዛ መጠን ለጥሬ ሌጦ ሊከፍል የሚችለው ዋጋ ያንሳል። ስለዚህ የነዳጅ ነገር የባለፋብሪካው ብቻ ሳይሆን የሌጦ ነጋዴውም ጉዳይ ነው።

በዚህ ዘመን ናፍታን ይተካል እየተባለ ብዙ የሚነገርለት ሃይድሮጂን ነው። ሃይድሮጂን ከጋዞች ሁሉ የቀለለ ነው፤ ሲነድ ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ውኃ ይሆናል እንጂ ጥቀርሻ አይተውም። 1 ኪሎ ግራም ሃይድሮጂን ከ3 ሊትር በላይ ናፍታ የሚሰጠውን ሙቀት ይሰጣል። ይሁን እንጂ ጢስ አልባ የሚባለው ሃይድሮጂን የሚገኘው ውኃን በኤሌክትሪክ ኃይል በመለያየት ነው። 1 ኪሎ ግራም ለማውጣት ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያላነሰ ኤሌክትሪክ ይፈጃል፤ ሲነድ የሚመልሰው ግን 33 ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ሃይድሮጂን የኃይል ጎተራ እንጂ የኃይል ማሳ አይደለም፤ ጎተራ ደግሞ የገባበትን እህል ያስቀምጣል እንጂ አያበቅልም።

ይህን በቆዳ ሥራ ላይ መመርመር ይገባል። 1,000 ሊትር ውኃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ በቀጥታ በኤሌክትሪክ ቢሆን 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበቃል። ያው ኤሌክትሪክ አስቀድሞ ሃይድሮጂን እንዲሆን ተደርጎ በቦይለር ቢነድ ግን ወደ 80 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠይቃል። በናፍታ ቢሆን ከ5 እስከ 6 ሊትር ይፈጃል።

ከዚህም በላይ ጥሬ ሌጦ ብርቱ ሙቀት አይወድም፤ ሙቀት ሲበዛበት ይኮማተራል። የማጠቢያው፣ የማልፊያውና የማቅለሚያው ውኃ በብዛት የሚፈልገው ለብታ ወይም መጠነኛ ሙቀት ነው። ይህን ያህሉን በጣራ ላይ የሚተከል የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ሊሰጥ ይችላል፤ የጎደለውን ኤሌክትሪክ ይሞላዋል።

ሃይድሮጂን ጥቅም የለውም ማለት ግን አይደለም። እንደ ብረት ማቅለጫ ላለ እጅግ ከፍ ያለ ሙቀት ለሚሻ ሥራ፣ እንዲሁም ለማዳበሪያ መሥሪያ ይሆናል። 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የሚችለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ከእንዲህ ያለው ግድብ የሚተርፍ ኤሌክትሪክ ሲኖርም በሃይድሮጂን መልክ ሊከማች ይችላል።

ጥንቃቄውም ሊዘነጋ አይገባም። ሃይድሮጂን በአየር ውስጥ ከመቶ 4 እጅ ያህል ከተቀላቀለ በትንሽ ብልጭታ ይቀጣጠላል፤ ነበልባሉም በቀን ብርሃን ለዓይን አይታይም ለማለት ይቻላል።

ስለዚህ የሃይድሮጂን መሣሪያ ከውጭ ለማስመጣት ያሰበ ነጋዴ ከመዋዋሉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ኤሌክትሪኩ ከየት ይመጣል? 1,000 ሊትር ውኃ ለማሞቅ ጠቅላላው ወጪ ስንት ነው? በፀሐይ ማሞቂያ ቢሠራስ ስንት ይሆናል? መልሱን በጽሑፍ ተቀብሎ ያስተያየ ነጋዴ ገንዘቡን ያድናል፤ ከነዳጅ የተረፈው ገንዘብም ለሌጦው የተሻለ ዋጋ ለመክፈል ያስችላል።