ለአናጢ መሣሪያ የሚሆን መሳያ ስለ መምረጥ

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው አውራ ጎዳና ወደ ደብረ ታቦር ከሚገነጠለው መንገድ ጋራ የሚገናኝባት የፎገራ ገበያ ናት። ስሟን ያስጠራው የሩዝ ንግድ ቢሆንም፥ በርና መስኮት፥ አልጋና ጠረጴዛ የሚሠሩ አናጢዎችም ከገበያዋ ደንበኞች መካከል ይቈጠራሉ። አናጢ መሮና መላጊያ አንድ ጊዜ ገዝቶ ለብዙ ዓመት ይሠራባቸዋል፤ መሳያው ግን እያለቀ ስለሚሄድ ደጋግሞ ወደ ሱቅ ያመጣዋል። እንግዲህ መሳያ ጥሩ ሲሆን ደንበኛን የሚያመላልስ፥ መጥፎ ሲሆን ደንበኛን የሚያርቅ ዕቃ ነውና ባለሱቁ በርካሽነቱ ብቻ ሊመርጠው አይገባም።

የፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ ያመጡት ደለል የተኛበት ጥቁር አፈር ነው። በዙሪያው ያለው ከፍታም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲሆን፥ ይህ ድንጋይ ለመጥረቢያ ቢያገለግልም ቅንጣቱ አንድ ዓይነት ስላልሆነ በመሮ አፍ ላይ ጭረት ይተዋል። ለመሳል የሚሻለው የአሸዋ ድንጋይ በትግራይና በዓባይ ሸለቆ እንጂ በዚህ ስለማይገኝ፥ አናጢው ከውጭ አገር የሚመጣውን ይጠብቃል።

ለእርሱ የሚስማማው በአንድ ፊቱ ሸካራ፥ በሌላው ፊቱ ልዝብ የሆነ ድንጋይ ነው። ሸካራው የተሸረፈውን አፍ ያስተካክላል፤ ልዝቡ የመጨረሻውን ስለት ያወጣል። በሸካራው ብቻ የተሳለ መላጊያ ዋንዛን እንደ ምንም ሊልግ ይችላል፤ የደረቀ ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ ያደነዝዘዋል። በድንጋዩ ላይ የተጻፈው ቍጥር በጨመረ መጠን ቅንጣቱ ይደቅቃል፤ ሆኖም የጃፓን መለኪያ 1000 ወደ 14 ማይክሮን ሲሆን፥ በአውሮፓ መለኪያ የተሠራ 1000 ብርጭቆ ወረቀት ወደ 18 ማይክሮን ስለ ሆነ፥ አስመጪው መለኪያው የየትኛው አገር እንደ ሆነ በትእዛዙ ደብዳቤ ላይ ያስጽፍ። ዕቃው ሲደርስም ፊቱ ለጥ ያለ መሆኑን ቀጥ ያለ ማስመሪያ አጋድሞ መመልከት ያስፈልጋል።

ትልቁ ኪሣራ የሚመጣው ግን ግራይንደር ከሚባለው በኤሌክትሪክ ከሚዞረው መሳያ ነው። ፍጥነቱ ገዢውን ይማርካል። የመሮ ጥንካሬ በእሳትና በውሃ የተሰጠ ስለ ሆነ መልሶ በእሳት ይጠፋል፤ ተራው የካርቦን አረብ ብረት ሙቀቱ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ አፉ ሰማያዊ ይሆናል፥ ያን ጊዜ ጥንካሬው ሄዷል። ከዚያ በኋላ ውሃ ውስጥ ቢነከር አይመለስም፤ የተቃጠለውን ክፍል ፍቆ ከመጨረስ በቀር መፍትሔ የለውም። አናጢውም ‹‹የሸጣችሁልኝ መሮ የማይረባ ነው›› ብሎ ወደ ሱቁ ይመጣል፤ ጥፋቱ የመሮው አለመሆኑን የሚያስረዳው ካላገኘ ሁለተኛ አይመለስም። ግራይንደር የሚሸጥ ሰው እንግዲህ አፉን ለአፍታ ብቻ ማስነካትንና ሳይግል ቶሎ ቶሎ ውሃ ውስጥ መንከርን ለገዢው ሳያስተምር ባይሸጥ ይሻለዋል።

ይህን ማሽን የሚያስመጣ ነጋዴ ሞተሩ ለ220 ቮልትና ለ50 ኸርዝ የተሠራ መሆኑን፥ በድንጋዩ ላይ የተጻፈውም የዙር ልክ ከሞተሩ ዙር የማያንስ መሆኑን ያረጋግጥ። በመንገድ የተሰነጠቀ ድንጋይ ሲዞር ፈንድቶ ሰው ሊገድል ይችላል፤ አንጠልጥለው በእንጨት መታ ሲያደርጉት ጥርት ያለ ድምፅ የማይሰጠው መጣል አለበት።

ስለ ዘይትም መናገር ያስፈልጋል። የኑግ ዘይት ከቤት ስለማይታጣ በድንጋይ ላይ ማፍሰስ ቀላል ይመስላል፤ ኑግ ግን ነፋስ ሲያገኘው ደርቆ ይጣበቃል፥ የድንጋዩንም ቀዳዳ ይደፍናል። በዘይት ለሚሠራ ድንጋይ ቀጭን የማሽን ዘይት ከጎኑ ቢሸጥ ይበጃል።

ለመጋዝ ጥርስ ድንጋይ አይሆንም፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ ይፈለጋል። የጥርሳቸው ጫፍ ጠቆር ብሎ የጠነከረ አዳዲስ መጋዞች ግን ሞረዱን ያበላሹታል እንጂ አይሳሉም። ጠፍጣፋው ሞረድ ለማጭድም ስለሚያገለግል፥ ሲሊካ የበዛበት የሩዝ አገዳ ማጭድን በሚያደነዝዝበት በኅዳር አጨዳ ጊዜ ፈላጊው ይበዛል። ስለዚህ እስከ ጥቅምት ሱቅ ቢደርስ መልካም ነው፤ እስኪሸጥም የሜዳው እርጥበት እንዳያዝገው በዘይት ወረቀት እንደ ተጠቀለለ ከወለል ከፍ ብሎ ይቀመጥ።