ከመሣሪያው በፊት አገዳው ይቆጠር

ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. በቆሼ የተመረቀው የረጲ የኃይል ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነው። ጥሬ ዕቃውን የሚያቀርብለት ከተማው ነው፤ አዲስ አበቤ ዋጋ ወደቀ ብሎ ቆሻሻ መጣሉን አያቆምም። የስኳር ፋብሪካ ግን ይህ ዕድል የለውም። ገበሬ አገዳ ከመትከሉ በፊት ሒሳቡን ያሰላል፤ ካላዋጣው ማሳውን ለሽንኩርት ወይም ለቲማቲም ያውለዋል። በመሆኑም በስኳር ሥራ ገንዘቡን ለማዋል የሚያስብ ባለሀብት ከመሣሪያው አስቀድሞ አገዳውን መመርመር ይኖርበታል።

ስሌቱ ቀላል ነው። አዲሱ የወንጂ ሸዋ ፋብሪካ የተተከለው በቀን 6,250 ቶን አገዳ የመፍጨት አቅም ይዞ ነው። አንድ ሄክታር 125 ቶን ይሰጣል ብንል በየቀኑ የ50 ሄክታር አገዳ መቆረጥ አለበት። ፋብሪካው በዓመት 200 ቀን ቢሠራ 10,000 ሄክታር ይፈልጋል። አገዳው ለመድረስ 18 ወር የሚፈጅ ከሆነ ደግሞ በአገዳ ሊሸፈን የሚገባው መሬት 15,000 ሄክታር ይደርሳል።

ከዚህም በላይ አገዳ እንደ ቡና ወይም እንደ ሰሊጥ በመጋዘን አስቀምጠው ዋጋ የሚጠብቁበት ሸቀጥ አይደለም። ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ ስኳሩ እየቀነሰ ስለሚሄድ በአንድ ቀን፣ ቢዘገይ በሁለት ቀን መፈጨት አለበት። ክብደቱም ከሩቅ ለማጓጓዝ አያመችም። ስለዚህ ፋብሪካውና የአካባቢው ገበሬ፣ ወደዱም ጠሉ፣ አንዱ ያለ ሌላው አይኖሩም።

የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት በጀመረበት በወንጂ ይህ ጥምረት የቆየ ነው። ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ከፋብሪካው የራሱ እርሻ ጎን ለጎን አገዳ ማቅረብ ጀመሩ። መሬቱ የገበሬው ይዞታ ነው፤ ፋብሪካው ዘር አገዳ፣ ግብዓትና የባለሙያ ምክር ይሰጣል። ወጪውም አገዳው ተመዝኖ ከሚከፈለው ሒሳብ ላይ ይቀነሳል።

ብድሩ ገበሬውን ያስራል ቢባልም ውልን የሚያጸኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም የታወቀ ዋጋ፣ የታመነ ሚዛንና የተቆረጠ የክፍያ ቀን ናቸው። ሕንድ ይህን በሕግ አጥራዋለች። ፋብሪካው አገዳ በተረከበ በ14 ቀን ውስጥ ካልከፈለ በዓመት 15 በመቶ ወለድ ይታሰብበታል። በሁለት ፋብሪካዎች መካከልም ቢያንስ የ15 ኪሎ ሜትር ርቀት እንዲኖር ስለሚደነግግ አንዱ የሌላውን አገዳ እንዳይሻማ ያግዛል።

የኬንያው ሙሚያስ ተቃራኒውን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራ የጀመረው ይህ ፋብሪካ አብዛኛውን አገዳ የሚያገኘው ከአካባቢው ገበሬዎች ነበር። ክፍያ ሲዘገይ ገበሬው ፊቱን አዞረ፤ ሙሚያስ ብድር አውጥቶ ያስተከለውንም አገዳ ሌሎች ፋብሪካዎች ይገዙት ጀመር። ከሌሎች ችግሮች ጋር ተደምሮ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2019 በአበዳሪው ባንክ ጠያቂነት በንብረት ጠባቂ እጅ ወደቀ።

እ.ኤ.አ. በ2022 መንግሥት ስምንት የስኳር ፋብሪካዎችን ወደ ግል ለማዞር ባለሀብቶችን ሲጋብዝ፣ ብዙዎች ቀድመው የጠየቁት ስለ መሣሪያው አቅም ሊሆን ይችላል። መቅደም የነበረባቸው ጥያቄዎች ግን ሌሎች ናቸው። ስንት ሄክታር አገዳ ቆሟል? ዕድሜውስ ስንት ነው? ገበሬው መቼ ይከፈለዋል? ያልተከፈለ ውዝፍ አለ ወይ?

የመርካቶ ስኳር ነጋዴም ቢሆን እነዚህን ጥያቄዎች ችላ ሊል አይገባውም። ዘንድሮ ክፍያው ዘግይቶበት አገዳ ሳይተክል የቀረ ገበሬ የገበያውን ሚዛን የሚያዛባው ዛሬ አይደለም፤ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ነው።