ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ጃፓንኛ መጻፍ፦ የበይነመረብ የልምምድ መድረኮች ለአማርኛ አፍ መፍቻ ተማሪዎች

አኅጽሮት

ይህ አጭር ጽሑፍ የጃፓንኛ መምህር በቅርብ የማያገኝ አማርኛ ተናጋሪ፣ ጽሑፉን የሚያርምለትና በጽሑፍ የሚያጫውተው ሰው በበይነመረብ የት ሊያገኝ እንደሚችል ይመረምራል። መድረኮቹ በሦስት ወገን ተከፍለው ታይተዋል፤ አማርኛ ተናጋሪው ሊሠራቸው የሚችላቸው ስሕተቶችም ከሁለቱ ቋንቋዎች ንጽጽር ተነሥተው ተዘርዝረዋል። ጽሑፉ የሚደርስበት መደምደሚያ፣ የመገናኛ አገልግሎት በሚቆራረጥበት አካባቢ ከፈጣን ጭውውት ይልቅ ጽፎ ማስታረም ቀዳሚ የልምምድ መንገድ ሊሆን ይገባል የሚል ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ጃፓንኛ፣ የጽሕፈት ልምምድ፣ የቋንቋ ልውውጥ፣ እርማት፣ አማርኛ

1. መግቢያ

ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት መቀመጫ ናት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ መጀመሪያ ከሰፈሩት 12 ቅርሶች አንዱ ነው። በእነዚህ ተራሮች ላይ ከተካሄዱት የመስክ ጥናቶች መካከል ጃፓናውያን ያደረጉት ጎልቶ ይታያል። ካዋይ ማሳኦ የመሩት የተመራማሪዎች ቡድን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በግጭ አካባቢ የጭላዳን አኗኗር አጥንቷል፤ ውጤቱም በ1979 በእንግሊዝኛ ታትሟል። ከዚያ ቀደም ብሎም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተሰኘው መጽሐፋቸው ለአማርኛ አንባቢ አቅርበዋል። ስለዚህ በሁለቱ አገሮች መካከል የጽሑፍ ግንኙነት አዲስ ነገር አይደለም።

ዛሬ ጃፓንኛ የሚማር ወጣት ዓላማው ልዩ ልዩ ሊሆን ይችላል። አንዱ የጃፓን መንግሥት የሚሰጠውን ነፃ የትምህርት ዕድል ይመኛል፤ ሌላው ጎብኚዎችን በቋንቋቸው መምራት ይሻል፤ ሦስተኛው ምርምሩን ከሚመለከቱ የጃፓን መምህራን ጋር መጻጻፍ ይፈልጋል። ሦስቱም የሚጋሩት ችግር ግን አንድ ነው፤ ፊደሉንና ሰዋስውን ከመጽሐፍ ሊማሩ ይችላሉ፤ የጻፉትን አንብቦ «ይህ እንዲህ አይባልም» የሚላቸው ሰው ግን የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረውና ከ2010 ወዲህ በአምስት ደረጃዎች የሚሰጠው የጃፓንኛ ብቃት ፈተናም ይህን ክፍተት አይሞላም። ፈተናው የቃላት፣ የሰዋስው፣ የንባብና የማዳመጥ ችሎታን በምርጫ ጥያቄ ይለካል እንጂ ድርሰት አያስጽፍም። በመሆኑም አንድ ሰው ከፍ ያለ ደረጃ አልፎ ሳለ አጭር ደብዳቤ መጻፍ ሊያቅተው ይችላል።

2. የንድፈ ሐሳብ መነሻ

ሜሪል ስዌን እ.ኤ.አ. በ1985 ባቀረበችው መላምት፣ ተማሪ ማንበብና ማዳመጥ ብቻውን አይበቃውም፤ ራሱ ቋንቋውን ሲያመነጭ የሚያውቀውንና የማያውቀውን ይለያል። በአንጻሩ ጆን ትረስኮት በ1996 የሰዋስው እርማት ጥቅም የለውም፣ መቅረት አለበት ሲል ተከራክሯል፤ ዳና ፌሪስም በ1999 መልስ ሰጥታበታለች። ከዚህ ክርክር ለጉዳያችን የሚጠቅመው ነጥብ፣ የእርማት ዋጋ የሚወሰነው ተማሪው እርማቱን ተቀብሎ በሚሠራበት ሥራ ላይ መሆኑ ነው። የታረመውን አይቶ የሚያልፍ ተማሪ ካልታረመለት ብዙ አይለይም። ስለዚህ መድረክ ስንመርጥ «ማን ያርማል?» ከማለት ጋር «የታረመው የት ይቀመጣል፣ እንዴትስ ተመልሶ ይጻፋል?» ብለን መጠየቅ ይኖርብናል።

3. መድረኮቹና ጠባያቸው

የመጀመሪያው ወገን ጽፎ ማስታረሚያ ነው። ከቀደምቶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2007 በጃፓን የተመሠረተው ላንግ-8 ነው። ተማሪው በሚማረው ቋንቋ ማስታወሻ ይጽፋል፤ የቋንቋው ተናጋሪዎች ዓረፍተ ነገሩን በየመስመሩ ያርማሉ፤ እርሱም በፈንታው በራሱ ቋንቋ የተጻፈውን ያርማል። ይህ መድረክ በ2017 አዲስ አባላት መቀበሉን አቆመ፤ የዚያው ኩባንያ ሥራ የሆነው ሃይኔቲቭ ግን አጫጭር ጥያቄዎችን ያስተናግዳል። የላንግ-8 ታሪክ አንድ ትምህርት ይሰጣል፦ የልምምድ ቦታ ሊዘጋ ስለሚችል፣ የታረመ ጽሑፍ ሁሉ በተማሪው እጅ በደብተር መቀመጥ አለበት። የላንግ-8ን ሐሳብ የተከተለው ላንግኮሬክትም ለተመሳሳይ አገልግሎት የሚውል ነው።

ሁለተኛው ወገን የልውውጥ ጭውውት ነው። ሄሎቶክና መቀመጫውን በርሊን ያደረገው ታንደም በዚህ ይመደባሉ። ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ቋንቋ እየተማረ በጽሑፍ ይነጋገራሉ፤ አንዱ የላከውን መልእክት ሌላው አርሞ መመለስ ይችላል። ችግሩ ልውውጡ በአቅርቦትና በፍላጎት መመራቱ ነው። አማርኛ ለመማር የሚሻ ጃፓናዊ ማግኘት ቀላል ስላልሆነ፣ ተማሪው ብዙ ጊዜ በምላሹ የሚያቀርበው እንግሊዝኛን ይሆናል። ሆኖም ኢትዮጵያን የሚያጠኑ የጃፓን ተመራማሪዎችና ወደ አገራችን የሚመጡ በጎ ፈቃደኞች አማርኛ ያስፈልጋቸዋል። ራሱን ሲያስተዋውቅ አማርኛውን፣ አካባቢውንና የጥናት መስኩን ገልጦ የሚጽፍ ተማሪ ቁጥራቸው ጥቂት የሆነውን፣ ነገር ግን በእውነት የሚፈልጉትን ሰዎች የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። እነዚህን መድረኮች ለሌላ ጉዳይ የሚጠቀሙባቸው ሰዎችም ስላሉ፣ ስልክ ቁጥርንና መኖሪያ አድራሻን አለመስጠት፣ ገንዘብ የሚጠይቅን ሰው ወዲያው መተው የመጀመሪያ ጥንቃቄ ነው።

ሦስተኛው ወገን ሥርዓተ ትምህርት ያለው ነው። የጃፓን ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2016 የከፈተው ሚናቶ የተሰኘ የርቀት ትምህርት መድረክ በነፃ የሚከተሏቸው ኮርሶች አሉት። ኢሮዶሪ የተባለው የመማሪያ መጽሐፍም ከነድምፁ በነፃ ይወርዳል። አንዴ ከወረደ ያለ በይነመረብ መሥራቱ ለእኛ ትልቅ ጥቅም ነው። ለአርአያነት የሚሆን ንባብ የሚፈልግ ደግሞ በጃፓን «ያሳሺ ኒሆንጎ» (ቀላል ጃፓንኛ) በሚባለው አጻጻፍ የሚወጡትን ዜናዎች ቢከተል ይጠቀማል። ይህ አጻጻፍ እ.ኤ.አ. ከ1995ቱ የሃንሺን አዋጂ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ፣ የውጭ ዜጎች የአደጋ ጊዜ መረጃ እንዲገባቸው ከተደረገው ጥረት የመነጨ ነው።

4. ከአማርኛ ተነሥቶ መጻፍ

ብዙዎቻችን ጃፓንኛን የምንማረው በእንግሊዝኛ በተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ ስንጽፍም በእንግሊዝኛ አስበን እንተረጉማለን። ይህ አማርኛ የሚሰጠንን ብልጫ ያሳጣናል። አማርኛም ጃፓንኛም ግሥን በመጨረሻ ያስቀምጣሉ። «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ለማለት ጃፓንኛው «ኪኖ ካታ ሆን» ነው፤ ቅደም ተከተሉ ትናንት፣ የገዛሁት፣ መጽሐፍ እንደሆነ ነው። እንግሊዝኛው ግን መጽሐፉን አስቀድሞ ገላጩን ያስከትላል።

አማርኛ የሚያሳስትባቸው ቦታዎችም አሉ። አራቱን እንመልከት።

አንደኛ፣ የተሳቢ አመልካች። በአማርኛ «ጭላዳ አየሁ» ስንል «ን» አይገባም፤ «ጭላዳውን አየሁ» ስንል ግን ይገባል። በጃፓንኛ ጽሑፍ ለሁለቱም «ጌራዳ ኦ ሚማሽታ» ይባላል። ስለዚህ ተማሪው ተሳቢው እሙር ባልሆነ ጊዜ «ኦ»ን የመርሳት ዝንባሌ ይኖረዋል።

ሁለተኛ፣ «አለ»። በአማርኛ ቤተ ክርስቲያንም ጭላዳም «አለ» ይባላል። ጃፓንኛ ግን ሕይወት ያለውንና የሌለውን ይለያል። «በደረስጌ ቤተ ክርስቲያን አለ» ሲባል ግሡ «አሪማስ» ነው፤ «በተራራው ላይ ጭላዳ አለ» ሲባል «ኢማስ» ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ባለቤት። «አየች» የሚለው አንድ ቃል አድራጊዋ ሴት መሆኗን ይነግረናል፤ «ሚማሽታ» ግን ማን እንዳየ አይናገርም። ሁለቱም ቋንቋዎች ባለቤትን መተው ቢፈቅዱም፣ በአማርኛ ግሡ የሚሸከመውን መረጃ በጃፓንኛ ዐውዱ ይሸከመዋል። ተማሪው ባለቤቱን አብዝቶ ቢተው አንባቢው ይደናገራል፤ በየዓረፍተ ነገሩ «ዋታሺ ዋ» (እኔ) ቢልም ጽሑፉ ይከብዳል። ሚዛኑ የሚገኘው በእርማት ብቻ ነው።

አራተኛ፣ አክብሮት። እኛ ታላቅን «እርስዎ» እንላለን። ተማሪው ለዚህ አቻ ፈልጎ «አናታ» የሚለውን ተውላጠ ስም ቢጽፍ፣ ለመምህር ወይም ለታላቅ ሰው አክብሮት የጎደለው ሊሆንበት ይችላል። ጃፓንኛ አክብሮትን የሚገልጠው በግሡ መድረሻ (እንደ «ማስ» እና «ዴስ» ባሉት) እንዲሁም ተውላጠ ስሙን ትቶ ስምን ከ«ሳን» ወይም ከማዕረግ ጋር በመጥራት ነው። ይህን መጽሐፍ ሊነግረን ይችላል፤ በተግባር የምንለምደው ግን ከሰው ጋር ስንጻጻፍ ነው። የማሽን ትርጉም በበኩሉ ተቀባዩ ማን እንደሆነ ካልነገሩት የአክብሮቱን ደረጃ በግምት ይወስናል።

የአካባቢን ስም መጻፍም ራሱን የቻለ ልምምድ ነው። ለውጭ ቃላት በሚያገለግለው ካታካና ደባርቅ «ዴባሩኩ»፣ ደረስጌ «ዴሬሱጌ» ይሆናሉ፤ የፓርኩ ስም «ሺሚኤን» ተብሎ ይጻፋል። «ደ» ላይ ያለው የግዕዝ አናባቢ በጃፓንኛ የለም፤ ራብዕና ሳድስ ለይቶ የለመደ ዐይን ይህን ቶሎ ያስተውላል።

5. ጊዜና መቆራረጥ

ጃፓን ከኢትዮጵያ በ6 ሰዓት ትቀድማለች፤ ሰዓቷንም በወቅት ስለማትቀይር ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው። የእኛ የሰዓት አጠራር ከዓለም አቀፉ በ6 ሰዓት ስለሚለይ፣ በ12 ሰዓት ሰሌዳ ላይ የሁለቱ አገሮች ቁጥር ይገጥማል። እኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ስንል በቶኪዮ ከምሽቱ 8 ነው። እኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ስንል ደግሞ እነርሱ ከሌሊቱ 2 ላይ ተኝተዋል። ስለዚህ ከሥራ በኋላ ማታ መልእክት የሚልክ ተማሪ ወዲያው መልስ ባያገኝ ሊደነቅ አይገባውም። ለቀጥታ ጭውውት የሚመቸው ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት ነው፤ ማልዶ ለሚነሣም ከጠዋቱ 12 ሰዓት በጃፓን የምሳ ሰዓት ነው።

ከሰዓት ልዩነት የከበደው ግን የአገልግሎት መቋረጥ ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዕለታዊ ጭውውት ላይ የተመሠረተ ልምምድ በእንዲህ ያለ ጊዜ ይፈርሳል፤ መልስ ሲጠብቅ የቆየ የጭውውት ጓደኛም ምክንያቱን ሳያውቅ ይርቃል። አስቀድሞ «አገልግሎቱ ሊቋረጥ ይችላል፤ ዝም ብል ትቼዎት እንዳይመስልዎ» የሚል አንድ መስመር መጻፍ ወዳጅነቱን ያተርፋል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተለው ሥርዓት ይቀርባል። ተማሪው በሳምንት አንድ ጊዜ ያለ በይነመረብ ከአምስት እስከ ስምንት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። ርእሱ የሚያውቀው ይሁን፦ የደባርቅ ገበያ፣ የጭላዳ መንጋ፣ ደጃዝማች ውቤ ያሠሩትና ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን። ጃፓናዊ አንባቢ ስለዚህ ቦታ ስለማያውቅ ከልቡ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ደግሞ ቀጣዩን ጽሑፍ ይወልዳል። አገልግሎት ሲገኝ ጽሑፉ በማስታረሚያ መድረክ ይወጣል፤ እርማቱ በደብተር ይገለበጣል፤ በሳምንቱ እርማቱን ሳያይ እንደገና ይጽፈዋል። በሁለተኛው ጽሑፍ የተደገመ ስሕተት ካለ በሃይኔቲቭ አጭር ጥያቄ ይሆናል። የቀጥታ ጭውውት የሚጨመረው ይህ ሥርዓት ከጸና በኋላ ነው።

6. ማጠቃለያ

የልምምድ መድረኮቹ አሉ፤ አብዛኞቹም ያለ ክፍያ ይሠራሉ። ለሰሜን ተራሮች አካባቢ ተማሪ የሚበጀው ምርጫ ግን መቆራረጥን የሚችለው፣ እርማቱን በእጅ የሚያስቀረውና ከአማርኛ የሚነሣው ነው። ከላይ የተዘረዘሩት አራት የስሕተት ዓይነቶች ከንጽጽር የተገመቱ በመሆናቸው፣ በእውነተኛ ተማሪዎች ጽሑፍ መፈተሽ አለባቸው። ለዚህም በአካባቢው ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ቀላል ነገር ሊያደርጉ ይችላሉ፦ ኢሮዶሪንና መሰል ነፃ መጻሕፍትን አውርደው በቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ማስቀመጥ፣ እንዲሁም ተማሪዎች ፈቅደው የሚያስገቡትን የታረመ ጽሑፍ በአንድ ደብተር ማሰባሰብ። እንዲህ ያለ ደብተር ለሚቀጥለው ተማሪ በአማርኛ የተጻፈ የጃፓንኛ መማሪያ ለማዘጋጀት የመጀመሪያ ማስረጃ ይሆናል።