የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፦ ክርስቶስ በእውነት ሥጋ ለብሶ መጣ



አስቀድማችሁ የምታነቡአቸው ክፍሎች፦ ዮሐንስ 1፥1-14፤ ሉቃስ 24፥36-43፤ ፊልጵስዩስ 2፥5-11፤ 1ኛ ዮሐንስ 4፥1-3።

(በዚህ ትምህርት የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው ከየት መጣ?

በአቃቂ ቃሊቲ ሐሙስ ማታ በምናደርገው ጥናት ከሚገኙት ብዙዎቹ በፋብሪካ የሚሠሩ ወጣቶች ናቸው። ከፈረቃ ወጥተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ድካማቸውን ችለው ይመጣሉ። በአንድ ሐሙስ ከመካከላቸው አንዱ እጁን አነሣና እንዲህ አለ፦ «የሥራ ጓደኛዬ አንድ ነገር ነግሮኝ እንቅልፍ አጣሁ። ኢየሱስ ጥሩ መምህር ብቻ ነበር፤ አምላክ ያደረገው ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ በ325 በኒቅያ ጉባኤ ነው አለኝ። ሰው ብቻ መሆኑን የሚናገሩት ወንጌሎች ተደብቀው ኖረው በግብፅ ምድር ተቆፍረው ወጡ አለኝ። ታዲያ እኔ እስከ ዛሬ ስጸልይ የኖርኩት ለማን ነው?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔም በችኮላ ከመመለስ ይልቅ አንድ ሳምንት እንዲሰጠኝ ለመንኩት። የሚከተለው ትምህርት በሚቀጥለው ሐሙስ የተማማርነው ነው። ተመሳሳይ ጥያቄ በእናንተም ዘንድ ሊነሣ ስለሚችል ለሁላችሁ እንዲደርስ አደረግን።

ይህ ወሬ በሰፊው የተሰራጨው በ2003 በታተመውና ኋላም ፊልም በሆነው በዳን ብራውን ልብ ወለድ «ዘ ዳ ቪንቺ ኮድ» አማካይነት ነው። ልብ ወለድ ግን ልብ ወለድ ነው። እኛ መጻሕፍቱ ራሳቸው ምን እንደሚሉ እንመልከት።

1. ግኖስቲኮች እነማን ነበሩ?

«ግኖሲስ» በግሪክ ቋንቋ ዕውቀት ማለት ነው። ግኖስቲኮች የሚባሉት በተለይ በ2ኛውና በ3ኛው መቶ ዓመት የተነሡ ልዩ ልዩ ቡድኖች ናቸው። ከታወቁት መምህራኖቻቸው መካከል በእስክንድርያ ያስተማረው ባሲሊደስና በ140 ገደማ በሮም ያስተማረው ቫለንቲኖስ ይገኙበታል። ትምህርታቸው በሁሉም ነገር አንድ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የሚስማሙባቸው ሦስት ነጥቦች ነበሩ።

አንደኛ፣ ይህን የሚታየውን ዓለም የፈጠረው ልዑል እግዚአብሔር ሳይሆን ከእርሱ በታች የሆነ፣ ዕውቀት የጎደለው ኃይል ነው ይሉ ነበር። ሁለተኛ፣ ሥጋ ለነፍስ እስር ቤት ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ሦስተኛ፣ መዳን የሚገኘው ለተመረጡት ብቻ በሚገለጥ ምሥጢራዊ ዕውቀት ነው ይሉ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ የሚያምን ሰው ስለ ኢየሱስ ምን ሊል ይችላል? ከሰማይ መምጣቱን ለመቀበል አይቸገርም። የሚቸገረው መራቡን፣ መድከሙን፣ ደሙን ማፍሰሱን ለመቀበል ነው። ስለዚህ አንዳንዶቹ፣ ሥጋ የለበሰ መስሎ ታየ እንጂ በእውነት አልለበሰም አሉ። ቄርንጦስ የተባለው መምህር ደግሞ፣ ሰማያዊው ክርስቶስ በጥምቀት ጊዜ በኢየሱስ ላይ ወረደ፤ ከመከራው በፊት ግን ትቶት ሄደ ብሎ አስተማረ። ባሲሊደስም በመስቀል ላይ የተሰቀለው የቀሬናው ስምዖን ነው እንዳለ ሄሬኔዎስ ጽፎአል።

2. በግብፅ የተገኙት መጻሕፍት ምን ይላሉ?

በታኅሣሥ ወር 1945 በላይኛው ግብፅ፣ ናግ ሐማዲ በተባለች ከተማ አጠገብ፣ ገበሬዎች መሬት ሲቆፍሩ አንድ እንስራ አገኙ። በውስጡ በቅብጥ ቋንቋ የተጻፉ 13 ጥራዞች ነበሩ፤ ከ50 የሚበልጡ ጽሑፎችንም የያዙ ናቸው። ጥራዞቹ የተገለበጡት በ4ኛው መቶ ዓመት ነው። ዛሬ ትርጉማቸው ታትሞ በግልጽ ይነበባል፤ የተደበቀ ነገር የለም።

ታዲያ እነዚህ መጻሕፍት «ኢየሱስ ሰው ብቻ ነው» ይላሉን? አይሉም። ወንድማችን በሰማው ወሬ ውስጥ ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። «የጴጥሮስ ራእይ» የተባለው የናግ ሐማዲ ጽሑፍ፣ ሥጋው በሚስማር ሲቸነከር ሕያው የሆነው ኢየሱስ ግን ከመስቀሉ በላይ ሆኖ ሲስቅ ያሳያል። «የቶማስ ወንጌል» የተባለው 114 ንግግሮችን ይዞአል፤ ነገር ግን ስለ ስቅለቱ ታሪክ አንዳች አይተርክም። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ኢየሱስ ከሰማይ ምሥጢር ይዞ የመጣ ገላጭ ነው። የሚጎድለው ሰማያዊነቱ ሳይሆን በደረቱ የሚተነፍስ፣ በእግሩ የሚደክም እውነተኛ ሰውነቱ ነው።

ስለዚህ ኢየሱስን ከአምላክነቱ ለማውረድ የሚፈልግ ሰው ግኖስቲኮችን ምስክር አድርጎ ቢጠራ፣ ምስክሮቹ በተቃራኒው ይመሰክሩበታል።

3. የቀደሙት ክርስቲያኖች ከኒቅያ በፊት ምን ያምኑ ነበር?

ከሐዋርያት እንጀምር። ጳውሎስ ከ1ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ፣ ክርስቶስ በእግዚአብሔር መልክ ሳለ ራሱን ባዶ አድርጎ የባሪያን መልክ እንደ ያዘ፣ እስከ መስቀል ሞትም እንደ ታዘዘ፣ ጉልበትም ሁሉ ለእርሱ እንደሚንበረከክ ይናገራል (2፥5-11)። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ እንደሚናገር ልብ በሉ፤ አምላክነቱንም ሞቱንም። ዮሐንስም ቃል እግዚአብሔር እንደ ነበረ ከተናገረ በኋላ ያው ቃል ሥጋ መሆኑን ይመሰክራል። በመልእክቱ ደግሞ መንፈስን የምንመረምርበትን መለኪያ ሲሰጠን፣ ክርስቶስ በሥጋ መምጣቱን የማይታመን መንፈስ ከእግዚአብሔር እንዳይደለ ያስጠነቅቃል።

ከውጭ ሰዎችም ምስክር አለን። በ112 ገደማ በትንሿ እስያ ሰሜን የነበረው የሮም አገረ ገዥ ፕሊኒ፣ ክርስቲያኖችን ሲመረምር ያገኘውን ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራጃን ጽፎአል። እነዚህ ሰዎች በታወቀ ቀን ገና ሳይነጋ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ አለ። ይህን የጻፈው ክርስቲያን ያልሆነ ባለ ሥልጣን ነው፤ ከኒቅያም ከ200 ዓመት በላይ ይቀድማል።

በ180 ገደማ የሊዮን ጳጳስ የነበረው ሄሬኔዎስ በግኖስቲኮች ላይ አምስት መጻሕፍት ጻፈ። እርሱ በልጅነቱ የሰምርኔሱን ፖሊካርፐስን ሰምቶአል፤ ፖሊካርፐስም ከዮሐንስ እንደ ተማረ ይናገራል። የሄሬኔዎስ ዋና ነጥብ፣ ዓለምን የፈጠረውና በክርስቶስ ያዳነን አንድ እግዚአብሔር ነው፤ የእጁንም ሥራ አይንቅም የሚል ነው።

ታዲያ በኒቅያ ምን ተደረገ? የእስክንድርያው ቄስ አርዮስ፣ ወልድ ከፍጥረት ሁሉ የሚበልጥ ቢሆንም የተፈጠረ ነው፣ መጀመሪያ አለው ብሎ ስላስተማረ ጉባኤው ያን መረመረ። ክርክሩ «ክርስቶስ እንደ እኛ ሰው ብቻ ነውን?» የሚል አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ሰው ከሁለቱም ወገን አልነበረም። ጉባኤው ቀድሞ ይመለክ የነበረውን ጌታ ትምህርት በጠራ ቃል አስቀመጠ እንጂ አዲስ አምላክ አልሾመም።

የንጉሥን ሥልጣን በተመለከተ የገዛ አገራችን ታሪክ ያስተምረናል። የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆንስጣንዮስ ወደ አርዮሳውያን ያዘነበለ ነበር። በ356 ገደማ ለአክሱም ነገሥታት ለዒዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። በአትናቴዎስ እጅ የተሾመውን ፍሬምናጦስን፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን፣ በአትናቴዎስ ቦታ በእስክንድርያ የተቀመጠው ጊዮርጊስ እንዲመረምረው ላኩልኝ አለ። ደብዳቤውን አትናቴዎስ ራሱ በመጽሐፉ ውስጥ አኑሮልናል። አትናቴዎስ አምስት ጊዜ ተሰድዶአል። የክርስቶስን አምላክነት የፈጠረው የነገሥታት ፈቃድ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ዘመን የነገሥታቱ ፈቃድ ሊያጠፋው ይችል ነበር። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን በአትናቴዎስ እምነት ጸንታ ኖረች።

4. በግዕዝ ተጠብቆ የቆየልን ምስክር

ብዙዎቻችን የማናውቀው ሌላም ነገር አለ። ምሁራን «የሐዋርያት መልእክት» ብለው የሚጠሩት በ2ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አለ። የግሪኩ ጽሑፍ ጠፍቶአል። በቅብጥ ከፊሉ በ1895 ተገኘ። በሙሉ የሚገኘው ግን በግዕዝ ብቻ ነው፤ የአገራችን ጸሐፍት በብራና ላይ እየገለበጡ አቆዩት።

ጽሑፉ በአሥራ አንዱ ሐዋርያት ስም የተጻፈ ሲሆን ስምዖንንና ቄርንጦስን በስም ጠርቶ ምእመናን እንዲጠነቀቁአቸው ይነግራል። ኢየሱስ ጌታና አምላክ፣ የእግዚአብሔርም ልጅ መሆኑን ይመሰክራል። ከትንሣኤ በኋላ ደቀ መዛሙርት ምትሐት ያዩ በመሰላቸው ጊዜ፣ ጌታ ጴጥሮስ የችንካሩን ምልክት፣ ቶማስም ጎኑን እንዲነኩ ያዝዛቸዋል። እንድርያስን ደግሞ እግሮቹ መሬት ይረግጡ እንደ ሆነ እንዲያይ ይነግረዋል፤ መንፈስ በመሬት ላይ ዱካ የለውምና።

ይህ ጽሑፍ ቅዱስ መጽሐፍ አይደለም፤ ከሐዋርያት እጅ እንደ ወጣም አንቀበለውም። ነገር ግን ከኒቅያ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ የነበሩ አማኞች ምን ይሉ እንደ ነበር ያሳየናል። አምላክ ነው አሉ፤ ዱካውም በአፈር ላይ ታየ አሉ።

5. ይህ ለአገልግሎታችን ምን ይለናል?

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ከመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ወጥቼ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ በቦኖ ውኃ ሰልፍ ላይ አንዲት እናት እግራቸው ቆስሎ ጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እኔ ለስብሰባ ቸኩዬ ነበር። «እማማ፣ አይዞዎት፤ ይህ ሥጋ አላፊ ነው፤ ዋናው ነፍስ ናት» ብዬአቸው ላልፍ ስል፣ «ልጄ፣ ነፍሴንማ ለጌታ ከሰጠኋት ቆየሁ፤ አሁን የሚያመኝ እግሬ ነው» አሉኝ።

በዚያን ጊዜ መንፈሳዊ ቃል የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን ሳስበው፣ የተናገርኩት የጌታን ሳይሆን የቄርንጦስን ቃል ሊሆን ምንም አልቀረውም። ግኖስቲክ የሚለውን ስም ሳንሰማ እንኳ በልባችን ግኖስቲክ ልንሆን እንችላለን። ስብከቱ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፣ ውኃውና መድኃኒቱ ግን «ሥጋዊ» ነው ስንል ወደዚያው እንሄዳለን።

የአንጾኪያው አግናጥዮስ በ2ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለሞት ወደ ሮም ሲወሰድ ለሰምርኔስ ክርስቲያኖች ጻፈ። ክርስቶስ በእውነት አልተሰቃየም ስለሚሉት ሰዎች ሲናገር፣ ስለ ፍቅር ግድ የላቸውም፤ መበለቲቱን፣ ወላጅ የሌለውን ልጅ፣ የታሰረውን፣ የተራበውንና የተጠማውን አያስቡም ብሎ ገሠጻቸው። ስለ ክርስቶስ ሥጋ ያለን ትምህርትና ለጎረቤታችን ሥጋ ያለን ርኅራኄ ተያይዘው እንደሚሄዱ ያን ጊዜውኑ አስተውሎ ነበር።

ዓለሙ የተፈጠረበት ጌታ በሲካር ጉድጓድ አጠገብ ደክሞት ተቀመጠ፤ ውኃም ለመነ (ዮሐንስ 4)። የአቃቂን ወንዝ ከከተማውና ከፋብሪካው በሚወርድ ቆሻሻ ተበክሎ ስናየው፣ ከዳሩ የሚኖሩት ልጆች ንጹሕ ውኃ እንዲያገኙ የምንደክመው ከወንጌል ወጥተን አይደለም። ጌታ የለበሰውን ሥጋ ስለምናከብር ነው። እንዲሁም ውኃውን ሰጥተን የውኃውን ጌታ ሳንናገር ብንቀር፣ አምላክነቱን ረስተን ደግ ሰው ብቻ እናደርገዋለን። ሁለቱም ጉድለት ነው።

ያ ወጣት በዚያ ማታ ጥቅሶቹን በደብተሩ ገልብጦ ሄደ። በሌላው ሐሙስ ጓደኛውን ይዞት መጣ። ጓደኛው ገና አላመነም፤ ነገር ግን ይመጣል፣ ይጠይቃልም። ጸልዩለት።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ግኖስቲኮች ስለ ኢየሱስ ለመቀበል የተቸገሩት የትኛውን ነው? ዛሬ በአካባቢያችሁ ያሉ ሰዎችስ የሚቸገሩት በየትኛው ነው?

2. ሉቃስ 24፥36-43ን አንብቡ። ጌታ ከትንሣኤው በኋላ ለምን በላ?

3. በፕሮጀክታችሁ «መንፈሳዊ» እና «ሥጋዊ» ብላችሁ የለያችሁት ሥራ አለን? ይህ ትምህርት ስለዚያ ምን ይላል?

4. «ኢየሱስን አምላክ ያደረገው ቆስጠንጢኖስ ነው» ለሚል ጓደኛ፣ ሳትቆጡ በሦስት ዓረፍተ ነገር ምን ትመልሳላችሁ?

ስለ እኛ ሰው የሆነው ጌታ በቃልም በሥራም ያጽናችሁ። አሜን።