በእጅ ይዞ በጽሞና ለማንሣት የሚሆን ካሜራ ስለ መምረጥ

በሆሳዕና ከተማ በቅዳሴ ወይም በጸሎት ጉባኤ መካከል፣ በዱራሜ ወይም በአንጋጫ በለቅሶ ቤት፣ ወይም ሐዲያዎች ያሆዴን ሲያከብሩ ሽማግሌዎች ለምርቃት በተቀመጡበት ጥላ ሥር ፎቶግራፍ ሊያነሣ የሚሻ ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው የካሜራውን ዝናና ዋጋ ሳይሆን፣ በማንሻው ቅጽበት ብድግ የሚል መስተዋት በውስጡ መኖር አለመኖሩን ነው። ባለ 120 ፊልም ካሜራ ሁሉ ምስሉ ሰፊ ነው፤ 6 በ6 የሚያነሣው በአንድ ጥቅል 12 ምስል ይሰጣል፣ እያንዳንዱም ከ35 ሚሊሜትሩ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሰፋል። በድምፅ ግን አንዱ ከሌላው እጅግ ይራራቃል።

በ1957 እ.ኤ.አ. የወጣው ሐሰልብላድ 500ሲ መዝጊያው በሌንሱ ውስጥ ስለሆነ ዝም ይላል ቢባልም፣ መስተዋቱና የኋላ ክዳኑ ሲመቱ ካህኑም ምእመኑም ዘወር ብሎ ያያል። ፔንታክስ 67 ደግሞ በድምፁም በክብደቱም ይብሳል፤ እርሱን አንግቶ የአምበሪቾ ተራራን 777 ደረጃ መውጣት ለጎልማሳ ትከሻ የተተወ ነው።

ስለዚህ ምርጫዬ ባለ ሁለት ሌንሱ ነው፤ ይኸውም ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው ሮሌይፍሌክስ፣ ኪሱ ለማይፈቅድለትም የጃፓኑ ያሺካ ማት ነው። የላይኛው ሌንስ ያሳያል፣ የታችኛው ያነሣል፤ መስተዋቱ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ የሚሰማውም ቅጭ የምትል ትንሽ ድምፅ ብቻ ናት። ከዚህም በላይ አንሺው ካሜራውን ከደረቱ በታች ይዞ ራሱን ዝቅ አድርጎ ስለሚመለከት፣ በሽማግሌ ፊት ዓይን ለዓይን ከመፋጠጥ ይድናል፤ ይህ በእኛ አገር ሥርዓት ቀላል ጥቅም አይደለም። ግራው ቀኝ ሆኖ መታየቱ ግን መጀመሪያ ያደናግራል፤ ስለዚህ ወደ ጉባኤ ከመግባት በፊት በገበያ ቀን በመንገድ ዳር መለማመድ ያስፈልጋል።

ማሚያ 7 ከዚህም ይልቅ ዝም ይላል፣ ምስሉም 6 በ7 ነው፤ ነገር ግን መዝጊያው በባትሪ የሚሠራ በመሆኑ፣ ባትሪው ያለቀበት ሰው መለዋወጫ ካልያዘ ሥራው በዚያው ያበቃል። የሮሌይፍሌክስ መዝጊያ ባትሪ አይፈልግም።

ገዢው አሮጌ ካሜራ ሲቀርብለት ፊልም ሳያስገባ የኋላውን ክዳን ይክፈት፤ መዘውሩን እየጠመዘዘ መዝጊያውን በ1 ሰከንድ ያንሣና ያዳምጥ። ቅባቱ የደረቀ እንደሆነ መዝጊያው ያዘግማል፣ አንዳንዴም ሳይዘጋ ይቀራል። ቀጥሎ የስልክ መብራት በሌንሱ ኋላ አብርቶ ከፊት በኩል ይመልከት፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ ካየ ዋጋው ቢረክስም ይተወው፤ በክረምቱ እርጥበት የበለጠ ይስፋፋልና።

በእጅ ለመያዝ ማንገቻውን አሳጥሮ፣ አንገትን ወደ ኋላ ካሜራውን ወደ ታች ወጥሮ፣ ክንዶችን ከጎን አጣብቆ፣ ትንፋሽን ካወጡ በኋላ ቀስ ብሎ መጫን ነው። እንዲህ ሲደረግ በ1/30 ሰከንድ የጠራ ምስል ይገኛል፤ መስተዋት የሚመታበት ካሜራ ግን በዚህ ፍጥነት ይንቀጠቀጣል። በሣር ክዳን ቤት ውስጥ 400 ፊልም አስገብቶ ሌንሱን እስከ 3.5 ቢከፍቱትም ብርሃኑ የሚበቃው ለበሩ አጠገብ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቆጮ የሚቆርሱትን እናት ወደ በሩ ጠጋ እንዲሉልን በትሕትና መለመን፣ ወይም እስኪጠጉ መታገሥ ነው። አንድ ነገር አይዘንጋ፤ መዝጊያው ዝም ቢል ፊልሙን ወደሚቀጥለው ምስል የሚያሻግረው መዘውር ይንቋቋልና፣ እርሱን ለመዝሙሩ ወይም ለእልልታው ሰዓት ማቆየት ይሻላል።