ደንገልን እንቁረጥ እንጂ አንንቀል
(ለጣና ዳር ገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት)

ገበሬዎች ሆይ! በባሕር ዳር አካባቢና በጣና ዙሪያ የምትኖሩ ሁሉ ደንገልን ታውቁታላችሁ። ታንኳ የሚሠራው፥ ምንጣፍ የሚታታው ከእርሱ ነው። ነገር ግን አባቶቻችሁ ጥቅጥቅ ያለ ደንገል ያዩበት ዳርቻ ዛሬ በብዙ ቦታ ባዶ ሆኗል። ስለዚህ የቀረውን እንዴት እንደምንጠብቅ እንማር።

ደንገል ምንድን ነው?

ደንገል የቀጤማ ወገን ነው። አገዳው ባለ ሦስት ማዕዘን ሲሆን ቁመቱ እስከ 4 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የአገዳው ውስጥ እንደ ስፖንጅ ስለሆነ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ሕይወቱ ግን ያለው በጭቃ ውስጥ ተጋድሞ በሚሄደው ወፍራም ሥር ነው። አገዳው ቢቆረጥ ሥሩ እንደገና ያበቅላል፤ ሥሩ ከተነቀለ ግን ደንገሉ ሞተ ማለት ነው።

ጥቅሙ ምንድን ነው?

እንደ ጉማራ፥ ርብና መገጭ ያሉ ወንዞች አፈር ተሸክመው ወደ ሐይቁ ይገባሉ። ደንገል ውኃውን ያዘገየዋል፤ አፈሩም እዚያው ይዘቅጣል። ማዕበል ዳርቻውን እንዳይሸረሽረውም ይከላከላል። ቀረሶና ዓምባዛ በጥላው ይጠለላሉ፤ ስለዚህ ደንገል ሲጠፋ ዓሣ አጥማጁም ይጎዳል። የነገደ ወይጦ ሰዎች ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በታንኳና በደንገል ሥራ ይተዳደራሉ።

በጥንት ዘመን ወረቀት ይሠራባት በነበረችው በግብፅ እንኳ የዱር ደንገል ከጥቂት ቦታ በቀር ጠፍቷል። ይህ ለእኛ ማስጠንቀቂያ ይሁነን።

ለምን ጠፋ?

የጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ውኃ ከፍታ በሰው እጅ የሚወሰን ሆነ። ዝናብ ባነሰበትና ለኤሌክትሪክ ኀይል ውኃ በብዛት በተለቀቀበት ጊዜ፥ በሰኔ 1995 ዓ.ም. ውኃው እጅግ ዝቅ አለ። ዳርቻው ሲደርቅ ብዙ ደንገል ጠፋ፤ ባሕር ሸሹም መሬት ታረሰ። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ የኀይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ እምቦጭ በሐይቁ ላይ ታወቀ። ከዚህ በላይ ማቃጠል፥ ከብት ማሰማራትና ያለ ልክ ማጨድ አሉ።

ባሕር ሸሽ መሬት ለም ስለሆነ ሽንብራ ይሰጣል፤ ማሳው ለጠበበው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ደንገሉ የተነቀለበት መሬት ውኃው ሲመለስ መከታ የለውም፤ ማዕበሉም በስተኋላ ያለውን ማሳ ይመታዋል። የአንድ ወቅት ሽንብራ የዘወትሩን መከታ አይተካም።

ምን እናድርግ?

1ኛ/ የደረሰውን አገዳ ብቻ ከውኃው በላይ በስለታም ማጭድ ቁረጡ፤ ለጋውን ተዉት።

2ኛ/ ቦታውን ከፋፍላችሁ በየተራ እጨዱ። የታጨደው እስኪያገግም አንድ ዓመት ያህል ይረፍ። ቶሎ ቶሎ የታጨደ ደንገል በሥሩ ያጠራቀመው ምግብ ያልቅበታል።

3ኛ/ በበጋ እሳት አትልቀቁበት፤ ከብትም አታሰማሩበት። ከብት ቡቃያውን ይበላል፥ ሥሩንም ይረግጣል። ሣሩን አጭዶ ማብላት ይሻላል።

4ኛ/ እርሻችሁን እስከ ውኃው ጠርዝ አታድርሱ፤ በመካከሉ ደንገል የሚበቅልበት ቦታ ይቅር።

5ኛ/ እምቦጭ ስትነቅሉ ደንገሉን አብራችሁ አትንቀሉ። የተነቀለውን እምቦጭ ከውኃ አርቃችሁ ከምሩት እንጂ በደንገሉ ላይ አትጣሉት።

6ኛ/ ባዶ በሆነው ዳርቻ ቡቃያ ያለበትን የሥር ቁራጭ ትከሉ። ቦታው ማዕበል የማይበረታበት፥ ውኃው ሥሩን የሚያርስበት፥ ቡቃያውን ግን የማያሰጥምበት ይሁን። የሚተከለውንም ሥር ከአንድ ቦታ ሁሉን አትውሰዱ፤ ከብዙ ቦታ ጥቂት ጥቂት ውሰዱ።

ለልማት ሠራተኞች

ይህ ሥራ በአንድ ሰው አይሆንም። ደንገል አጫጆችን፥ ዓሣ አጥማጆችንና ገበሬዎችን በአንድነት ሰብስባችሁ የማጨጃውን ተራና የእርሻውን ወሰን ራሳቸው እንዲወስኑ አድርጉ። ታንኳ ሠሪዎቹን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ደንገልን ከማንም ይልቅ እነርሱ ያውቁታል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ መመዝገቡንም አስረዱ።

ጥያቄዎች

1. የደንገል ሕይወት ከአገዳውና ከሥሩ በየትኛው ነው?
2. የታጨደ ደንገል ለምን ይረፍ?
3. በቀበሌያችሁ ደንገል የጠፋበት ዳርቻ የትኛው ነው? እንደገና ለመትከልስ ማን ማን ይተባበራል?

ሦስተኛውን ጥያቄ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ሆናችሁ እዚያው ዳርቻው ላይ ቆማችሁ መልሱት።